የፍሬን ሸራ፣ ባትሪና የመጋላው ልጅ

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ፍሬን ለማሠራት መጋላ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። ዕድሜው ከአሥራ አራት የማይበልጥ ረዳት ጎማውን ፈትቶ ሲያበቃ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ አንሥቶ በፍሬኑ ታምቡር ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በአየር አራገፈው። ግራጫ ደመና ልጁን፣ መካኒኩንና አጠገባቸው ሻይ ይጠጡ የነበሩትን ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ሸፈናቸው። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። መካኒኩ ሳቀና «አቦ ዶክተር፣ አቧራ ፈራህ እንዴ?» አለኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ማዕረግና «አንተ» ተስማምተው ይኖራሉና አልከፋኝም። ቀጥዬ አዲሱ የፍሬን ሸራ የመጣበትን ካርቶን አገላብጬ ተመለከትሁ። የመኪናው ዓይነትና የዕቃው ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሸራው ከምን እንደተሠራ ግን አንዲት ቃል የለም። ሁለት ዓይነት ሸራ ቀርቦልኝ ነበር፤ ርካሹን መረጥሁ። ለልጁም ስለ አቧራው አንዳች ሳልናገር ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ዝምታዬ ጋር መታረቅ ስላቃተኝ ነው።

የፍሬን ሸራ ለረጅም ዘመን ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ አስቤስቶስ ነበር፤ ሙቀትን የሚችል፣ ርካሽና ጠንካራ ማዕድን። ቃጫው ግን ከዓይን በታች ደቅቆ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሚያስከትለው ካንሰርም ራሱን የሚገልጠው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ አቧራውን የሚያራግፈው ልጅ ቢታመም የሚታመመው ምናልባት እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ስለ ሲጋራ ይጠይቀው ይሆናል፤ ስለ ፍሬን የሚጠይቀው አይኖርም። የገዛሁት ሸራ አስቤስቶስ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ገዢው፣ ሻጩና ሠራተኛው ሳያውቁ የሚገበያዩት ዕቃ ነው።

የባትሪው ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ሲያረጅ ቆራሌው ይገዛዋል፤ እኔም የራሴን ሸጬለታለሁ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ጠይቄው አላውቅም። ባትሪው በየጓሮው ሲፈለጥ አሲዱ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ እርሳሱ በከሰል እሳት ይቀልጣል፤ ጢሱና ብናኙ በሠራተኛው ልብስ ተሳፍሮ ቤት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም፤ ከሁሉም የሚጎዳው የሕፃናት አእምሮ ነው። በጅማ ጋራዦች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በሠራተኞቹ ደም ውስጥ ከሌሎች ሰዎች የበለጠ እርሳስ አግኝቷል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ውኃ ከመሬት ሥር የሚወጣ መሆኑን ስናስብ የፈሰሰው አሲድ ጉዳይ የባለ ጋራዡ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ታሪክ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ ሀገራት ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ኢትዮጵያን ጨምሮ አካባቢው ከዚህ ነዳጅ ተላቀቀ። አንድም ሾፌር አልተሰበከም፤ አንድም መካኒክ አልተከሰሰም። ውሳኔው የተወሰነው ነዳጁ በሚገባበት በር ላይ ነበርና። ነገር ግን በዚያችው ዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለች ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ አሥራ ስምንት ሕፃናት በእርሳስ ተመርዘው ሞቱ። ምክንያቱ በአካባቢው ይካሄድ የነበረው የአሮጌ ባትሪ ሥራ ነበር። በነዳጅ ማጠራቀሚያው በኩል የወጣው እርሳስ በባትሪው በኩል ተመልሶ ገባ።

እኛስ? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ፊቱን አዙሯል። ውሳኔውን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሬን አለው፤ አብዛኞቹም ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ይሸከማሉ። አሮጌዎቹ መኪኖችና ባጃጆችም ገና ብዙ ዓመት በመካከላችን ይኖራሉ። ለአዲስ መኪና ሪባን ይቆረጣል፤ ለፍሬን ሸራ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ግን አላየሁም።

«ድሃ ሀገር ነን፤ ርካሹን ካልገዛን ምን እንግዛ?» የሚል ሙግት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሙግቱ ቀላል አይደለም፤ እኔ ራሴ ርካሹን ገዝቻለሁና። ሆኖም ከአስቤስቶስ ነፃ የሆነ ሸራ ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ አውሮፓ አስቤስቶስን ከከለከለች ሃያ ዓመት አልፏታል። ጎሚስታው ለጎማ ማመጣጠኛ የሚለጥፈው እርሳስም በብረት ወይም በዚንክ ሊተካ ይችላል። ለባትሪው እርሳስ ግን በሁሉም ቦታ የሚገባ ርካሽ ምትክ ገና ስላልተገኘ መፍትሔው በሥርዓት መሰብሰብ ነው። «ከከለከሉት በኮንትሮባንድ ይገባል» ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፤ ዛሬ ያው ዕቃ በሕጋዊ መንገድ ቀረጥ ተከፍሎበት ቢገባ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም የፍሬን ሸራ ከምን እንደተሠራ በካርቶኑ ላይ ይጻፍ፤ አስቤስቶስ ያለበት ከጉምሩክ በር ይመለስ። እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በደንብ የወሰነች ሀገር ይህ አይሳናትም። ሁለተኛ፣ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው መያዣ ያስይዝ፤ አሮጌውን ሲመልስ ገንዘቡ ይመለስለት፤ አስመጪውም የተመለሰውን የመረከብ ግዴታ ይኑርበት። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለን፤ የጎደለን አዋጁን እስከ ቆራሌው ጋሪ የሚያደርስ ክንድ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የፍሬን አቧራ በአየር ከመራገፍ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች የበር ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና የተመረቀባትም በርነቷ ታይቶ ነው። በር ያለው ሰው የሚገባውን ይመርጣል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 «ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት» የሚለውን ከምር ከወሰድነው መምረጥ ግዴታችንም ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። እኔ ለልጁ የደበቅሁበትን ነገር ልነግረው ነገ ወደ መጋላ እመለሳለሁ። ካርቶኑ ላይ ማጻፍ ግን የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ሥልጣኑ ያላቸው ያንብቡት።

ቸር እንሰንብት።