ፎቶውን ተዉትና ጽሑፉን ላኩልን

ባኮ ዘር ማደስ ታውቅበታለች። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የምትታወቀው በበቆሎ ምርምሯ ነው። ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በ1993 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ገበሬውም ወደደው። ተመራማሪዎቹ ግን «ከተወደደ ይበቃናል» ብለው አልተቀመጡም። በሽታና ድርቅ ሲፈትነው በ2011 ቢኤች-661ን አመጡ።

አጋጣሚ ሆኖ ፒዲኤፍም የወጣው በ1993 ነው፤ ለስክሪን ንባብ የተሠራው ኢፐብ 3 ደግሞ በ2011። ብዙዎቹ የሙያ ማኅበሮቻችን ግን መዋጮ ለከፈለ አባል ዛሬም የሚልኩት መጽሔት ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ለምን?

ፒዲኤፍ ለማተሚያ ቤት ግሩም ነው፤ ገጹን እንዳለ ቆልፎ ይይዛል። ስልክ ላይ ችግር የሚሆነውም ይኸው ነው። ባለ ሁለት ዓምዱ ገጽ ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ጎላ ሲያደርጉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ መጎተት ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ማን ይደርሳል?

ከዚህም የሚብሰው ስካኑ ነው። ያ የጽሑፍ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ዳታ ይበላል፣ ቃል አይፈለግበትም፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ለሚጠቀም ዓይነ ስውር አባል ደግሞ ባዶ ወረቀት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ፋይል ኮፒ ሲደረግ ዛሬም የላቲን ምልክት ዝባዝንኬ ያወጣል።

ኢፐብ ላይ ፊደሉን ስታጎሉት መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ጋር ያስተካክላል። የአማርኛ ፎንቱን በውስጡ ይዞ መሄድ ይችላል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ለአዘጋጁም ከባድ አይደለም፤ ጉግል ዶክስና ሊብሬኦፊስ በነጻ ያወጡታል።

«ይሰረቃል» ይሉናል። ፒዲኤፉስ ቴሌግራም ላይ እንደ ልቡ ሲዞር አይደል የሚውለው? «ለማጣቀስ ገጽ ቁጥር ያስፈልጋል» ይሉናል። ኢፐብም የታተመውን ቅጽ ገጽ ቁጥር መያዝ ይችላል። «ሁሉም ስልክ አይከፍተውም» የሚለው ግን እውነት አለው፤ አንዳንዱ ስልክ ማንበቢያ አፕ መጫን ይፈልጋል። ሰንጠረዥና ካርታ የበዛበት ሥራም በፒዲኤፍ ይሻላል። እሺ፣ ሁለቱንም ላኩ! ፒዲኤፉን ማተም ለሚፈልግ፣ ኢፐቡን ማንበብ ለሚፈልግ።

ገበሬው አዲስ ዘር እንዲቀበል የሚመክር ጥናት፣ ባኮ ባለው የግብርና ባለሙያ ስልክ ላይ ፊደሉ አልታይ ብሎ ሳይነበብ ሲቀር ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ቅንጦት አይደለም። ያ አባል የከፈለው ሊያነብ ነው። ማኅበር ያላችሁ በሚቀጥለው ጉባኤ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ መጽሔታችን የሚላከው እንዲነበብ ነው ወይስ ተልኳል እንዲባል?