ሁለት ጆሮ የተሰጠህ ለምንድን ነው?



«አዲስ አለቃ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ቀጥቶ ሌላውን ካላስፈራራ አይከበርም» ሲባል በእኛው በሙስሊሞች ቤት ሳይቀር እሰማለሁ። ይህ ብልሃት አይደለም፤ ዙልም ነው።

እዚህ ሐሙሲት አንድ የማውቀው ወጣት የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆነ። በሐሙስ ገበያ ማታ አንድ ሠራተኛ ጠጋ ብሎ፣ «ሚዛን ላይ ያለው ሰው ይሰርቅሃል» አለው። ወጣቱ «ደካማ ነው እንዳልባል» ብሎ በማግሥቱ፣ ጁሙዓ እንኳ ሳይሰገድ፣ የአራት ልጆች አባት የሆነውን መዛኝ አባረረው። በኋላ ሲፈተሽ የተበላሸው ሚዛኑ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ከሳሹም ከመዛኙ ጋር ቂም የነበረው ሰው ነው። እንግዲህ የዚያን አባት ስም ማን ይመልስለት?

ለዚህ ከገዛ አገራችን ታሪክ የበለጠ ምን ምስክር አለ? ከ615 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል-ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። እነርሱም አስቀድመው ለንጉሡ ባለሟሎች ስጦታ አደሉ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ይሰጡን አሉ። ባለሟሎቹም ደገፏቸው። ነጃሺ ግን እምቢ ብለው ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ.) አስጠርተው አዳመጡ፤ ስጦታውንም መለሱ። ተከሳሽን መስማት ንጉሥን ካላሳነሰ የመጋዘን ኃላፊን እንዴት ያሳንሳል?

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሊይን (ረ.ዐ.) ገና በወጣትነቱ ወደ የመን ለዳኝነት ሲልኩት፣ የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰማ እንዳይፈርድ መክረውታል። ሱረቱል-ሑጁራትም ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ የተጣሉትንም እንድናስታርቅ ታዘናለች።

«ታዲያ ሌባ ይታለፍ?» ትለኝ ይሆናል። አይታለፍም! ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቅጣ። ነገር ግን ወሬ ያመጣልህን ሰው፣ «ይህን በፊቱ ትደግመዋለህ?» በለው። ተከሳሹን ለብቻው ጠርተህ ጠይቀው እንጂ በጓደኞቹ ፊት አታዋርደው። ፀቡ የተነሣው በሥራ ክፍፍል ከሆነ ክፍፍሉን አስተካክል። ይህ አንድ ቀን ይፈጅብህ ይሆናል፤ የችኮላ ፍርድ ግን የሰው እንጀራ ይዘጋል።

አባቶችና እናቶችም፣ ልጆቻችን ሲጣሉ መጀመሪያ ያለቀሰውን ብቻ ሰምተን ሌላውን ስንመታ ነገ የሚሾመውን ሰው እያስተማርን መሆኑን አንርሳ።

አላህ በአደራችን የምንጠየቅ መሆናችንን ከማይዘነጉት ያድርገን። ኣሚን።