ስሙን የደበቀው ገዥ

ስለ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ድቡ፣ ስለ ፍል ውሃውና ስለ ገደሉ ነው። በዋዮሚንግ ግዛት የሚገኘው ግራንድ ቲቶን ፓርክ ግን የገበያ ሰው ሊያውቀው የሚገባ የመሬት ግዥ ታሪክ አለው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1929 ሲቋቋም የተከለለው ተራራውና በግርጌው ያሉት ሐይቆች ብቻ ነበሩ። ጃክሰን ሆል የሚባለው ሰፊ ሸለቆ ከክልሉ ውጭ ቀረ። ኤልክ የሚባሉት ትላልቅ አጋዘኖች ግን በረዶው ሲጠና ከተራራው ወርደው የሚከርሙት ሸለቆው ውስጥ ነው። ሸለቆው ከተሸነሸነ ተራራውን መጠበቅ ብቻውን ለአራዊቱ አይበቃም።

ይህን የተረዳው የየሎውስቶን ፓርክ ኃላፊ ሆራስ ኦልብራይት በ1926 ቦታውን ለባለጸጋው ለጆን ዲ. ሮክፌለር ጁኒየር አስጎበኘ። ሮክፌለርም በ1927 "ስኔክ ሪቨር ላንድ ካምፓኒ" የሚል ኩባንያ አቋቁሞ በስውር መግዛት ጀመረ። የግዥ ወኪሉ የጃክሰን ከተማ ባንክ ፕሬዚዳንት ሮበርት ሚለር ሲሆን፣ ዋናው ገዥ ማን እንደሆነ ለእሱም አልተነገረውም። በዚህ ሁኔታ 35 ሺህ ኤከር ያህል መሬት በ1.4 ሚሊዮን ዶላር ግድም ተገዛ። አንድ ኤከር ወደ 4 ሺህ ካሬ ሜትር ነውና አንዱ ካሬ 1 ሳንቲም ወጣበት ማለት ነው።

ምስጢሩ በ1930 ሲወጣ አገሬው ተታለልን ብሎ ተቆጣ። በ1933 ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ሴኔት ግን በኩባንያው ላይ ሕገወጥ ሥራ አላገኘም። በእኔም አመለካከት ስምን መደበቁ ጥፋት አይደለም። የሮክፌለር ስም ቢጠራ ኖሮ ዋጋው በማግስቱ ሰማይ በነካ ነበር፤ ይህን ማንም ደላላ ያውቀዋል።

ጥፋቱ ሌላ ነው። መሬቱ ወደ መንግሥት ሲዛወር ወረዳው የሚያጣውን ግብር፣ ከብት አርቢውም የሚያጣውን ግጦሽ ማን ይተካል? ለዚህ መልስ ባለመዘጋጀቱ ስጦታው ሳይቀር ለዓመታት ተቀባይ አጣ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1943 ሸለቆውን በአዋጅ ቢከልሉም ኮንግሬስ አዋጁን ለመሻር ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ አላጸደቁትም። ክርክሩ የበረደው በ1950 ሸለቆው ከፓርኩ ጋር ሲዋሐድ፣ ለወረዳው የግብር ማካካሻ፣ ለነባር አርቢዎች ደግሞ የግጦሽ መብት በሕግ ሲሰጣቸው ነው። ኪሳራው የሚደርስበት ወገን ከጅምሩ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ 20 ዓመት ባልባከነ ነበር።

መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ደግሞ ገበያው ራሱ ይናገራል። እዚያው ፓርክ ውስጥ ሳይገዛ የቀረ፣ የዋዮሚንግ ግዛት ንብረት የሆነ 640 ኤከር መሬት ነበር። በታኅሣሥ 2024 መገባደጃ ለፓርኩ የተሸጠው በ100 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ካሬው ወደ 39 ዶላር መሆኑ ነው። የዶላር የመግዛት አቅም ከዚያ ዘመን ወዲህ በ20 እጥፍ ቢወርድ እንኳ ልዩነቱ ወደ 200 እጥፍ ይጠጋል። ከዋጋው 37.6 ሚሊዮኑ ከበጎ አድራጊዎች የተዋጣ ሲሆን፣ ገንዘቡ ለዋዮሚንግ ትምህርት ቤቶች የተመደበ ነው።

በዚህኛው ሽያጭ ዋጋውም፣ ገዥውም፣ ተጠቃሚውም ለሕዝብ ተነግሯል። ውድ ሆኗል፤ ተታለልኩ የሚል ግን የለም። ለጥበቃ መሬት የሚገዛ ወገን ከሁለቱ የሚማረው አለ፦ እንደ ሮክፌለር ቀድሞ ይግዛ፣ የሚጎዳውን ወገን ድርሻ ግን ከመሬቱ ዋጋ ጋር ደምሮ ያስላ።