ለቦንጋ ቡናው አለ፤ ስልባቦቱስ?

ሆቴሎቻችን መደርደሪያ ላይ የማይጠፋው ቤይሊስ እ.ኤ.አ. በ1974 አየርላንድ ውስጥ ለገበያ የቀረበ፣ የወተት ስልባቦትና ውስኪ የተዋሐዱበት ሊከር ነው። ደቡብ አፍሪካም በ1989 ስልባቦት የገባበትን አማሩላ አመጣች። ጥሬ ዕቃው ማሩላ የተባለ የዱር ዛፍ ፍሬ ነው፤ ተጠምቆ እንደ አረቄ ይወጣል፣ በኦክ በርሜል ሁለት ዓመት ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ስልባቦቱ ይጨመርበታል። የዱር ፍሬ በጠርሙስ ሆኖ ዓለምን ከዞረ፣ የቡና መገኛዋ ካፋ ምን አነሳት?

ቡናም ማርም አላነሳትም። በርግጥ አንድ ጠርሙስ የሚፈጀው ቡና ጥቂት ነውና የገበሬው ዋጋ በዚህ ይጨምራል ብለን አንሸንገል። ትርፉ ያለው ስሙ ላይ ነው። መንግሥት በ2006 ከስታርባክስ ጋር በንግድ ምልክት የተወዛገበው ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋጨፌ ነበር፤ ካፋ አልነበረችበትም።

የሚከብደው ስልባቦቱ ነው። የማይቋረጥ ወተት፣ ማቀዝቀዣ፣ ስቡ እንዳይለይ አድቅቆ የሚያዋሕድ መሣሪያ ይፈልጋል። ቦንጋ የሚወርድ ባለሀብት ከቡናው በፊት ስለ ላሞቹ ይጠይቅ።

አጠጣጡን ለሚጠይቁን ደግሞ፦ በበረዶ፣ አለዚያም ጀበና ቡና ላይ በስኳር ፈንታ ጠብ ማድረግ ነው። ሎሚና ቶኒክ ግን አይንኩት፤ ይረጋል።