ግብሩ እኩል፣ ወጪው ድርብ

ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር፣ ሠራተኛው ሥራው ላይ ለመገኘት ከኪሱ ምን ያህል እንዳወጣ አይጠይቅም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀጣሪው ገቢውን ለማግኘት ያወጣው ወጪ አይቀነስለትም። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ማደጉም ለሁሉም እኩል ነው።

ወጪው ግን እኩል አይደለም። ሚኒባስ የማይጭነው ባለ ዊልቸር ኮንትራት ታክሲ ይይዛል፤ ዓይነ ስውሩ ለመሪ ይከፍላል። ይህ ቅንጦት ሳይሆን ደመወዙን የሚያስገኝ ወጪ ነው።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታና ረዳት የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያለው መንገድ ግን የሠራተኛው ዕዳ ሆኖ ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ፣ በአንቀጽ 100 ደግሞ የታክስ መጠን ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር እንዲመጣጠን ያዛል። አውቶቡሱ ላይ መውጣት ያልቻለ ግብር ከፋይ ከአገልግሎቱ ድርሻውን አላገኘም።

ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ደንብ ከተመዘገቡ አካል ጉዳተኞች የወር ገቢ የመጀመሪያውን 150,000 ሽልንግ ከግብር ነፃ አድርጋለች። ለኢትዮጵያም ከደረሰኝ ይልቅ የተወሰነ መጠን ይሻላል፤ ታክሲና መሪ ደረሰኝ አይቆርጡምና።

እፎይታው ሥራ ላጣው አካል ጉዳተኛ እንጀራ አይሆንም። ሥራ ያገኘው ግን ደመወዙ ለመንገድ አልቆ ቤት እንዳይውል ያደርገዋል። ቤት ከዋለ ደግሞ ግብሩም አብሮ ይቀራል።