ታኬታውን ወረስን፤ ምክሩንስ?

ባለፈው ሰኔ የእግር ኳስ ቡድናችን አምበል ተመርቆ ሲሄድ ታኬታውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ጫማው ስለሚሰፋኝ ሁለት ካልሲ ደርቤ አደርገዋለሁ። ስለ ስጦታው አመሰግነዋለሁ፤ ነገር ግን ልምምድንና ጥናትን እንዴት እንዳስማማ፣ በተጎዳ ጊዜ ማን ዘንድ እንደ ሄደ፣ ፈተናና ግጥሚያ በአንድ ቀን ሲውሉበት ምን እንዳደረገ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። በየዓመቱ እንዲህ ነው፤ ምሩቁ የለመደውን ይዞ ይወጣል፣ አዲሱ ደግሞ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል።

የዚህን ዋጋ ዘንድሮ በራሴ ላይ አየሁት። በኅዳር ወር ጉልበቴ አበጠ። ከቡድኑ እንዳልወጣ ፈርቼ ደበቅሁት፤ በጨርቅ አስሬም ተጫወትሁ። ሌሊት ሕመሙ ስለሚነሣብኝ ጥናቴ ተጓደለ፤ በሒሳብ ፈተና ወደቅሁ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ገሚሱ «ኳስ አበላሸው» አለ፤ ገሚሱ «ድሮም ሰነፍ ነው» አለ። «ምን ሆንህ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

የጠየቀኝ ሰው ከግቢው ውጭ ተገኘ። እኔ የምኖረው መካኒሳ ነው። እሑድ እሑድ ማለዳ በሰፈራችን ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ጎልማሶች አሉ። ከእነርሱም አንዱ፣ ዛሬ መሐንዲስ የሆኑ ሰው፣ በመንገድ ሳነክስ አይተው ጠሩኝ። ለካስ በተማሪነታቸው ዘመን ለዚሁ ለግቢያችን ቡድን ተጫውተዋል። «አንተ ልጅ፣ ስንት ሳምንት ደበቅኸው?» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ ብጠይቃቸው፣ እርሳቸውም በጊዜያቸው እንደኔው ደብቀው አንድ ዓመት ሙሉ ከሜዳ ርቀው እንደ ነበር ነገሩኝ። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ፤ ስድስት ሳምንት እንዳርፍ ታዘዝሁ። ስለ ፈተናውም መምህሩን እንዲያነጋግሩልኝ ብለምናቸው፣ «ነጥብ አልለምንልህም፤ አስጠናሃለሁ» አሉና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው እየጠሩ ሒሳብ አስጠኑኝ። ገንዘብ አልሰጡኝም። የሰጡኝ ጊዜያቸውንና የራሳቸውን ስሕተት ነው።

ይህ ዓይነት ነገር ለሀገራችን ስፖርት እንግዳ አይደለም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዘመን ተጫውተው፣ መጫወቱን ሲተዉ ሜዳውን አልተዉም። በጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። በዚያ ቡድን የተጫወተው መንግሥቱ ወርቁም በተራው አሠልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊውን ቡድን ይዞ ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ሄደ። በሩጫውም በኩል ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ራሳቸው ሯጭ ነበሩ፤ ሃንጋሪ ሄደው ተምረው ተመለሱ፤ ያወቁትንም ለታናናሾቻቸው አካፈሉ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የእርሳቸው ድካም ነበረበት። ጥሩነሽ ዲባባም ሩጫን ስትጀምር ዘመዷ ደራርቱና ታላቅ እኅቷ እጅጋየሁ ከፊቷ ነበሩ።

እንግዲህ ሯጭ ከሯጭ፣ ተጫዋች ከተጫዋች እየተማረ እዚህ ከደረሰ፣ ሁለት ሸክም የተሸከመው ስፖርተኛ ተማሪ ያለ መካሪ የሚቀረው ስለ ምንድር ነው? አሠልጣኙ እግሩን ያያል፤ መምህሩ ነጥቡን ያያል። ሁለቱን በአንድ ትከሻ መሸከም ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ተሸክሞት ያለፈው ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ምሩቃን ከመጡስ ማሊያና ኳስ ይግዙልን» ይላሉ። ማሊያውን አልጠላሁም፤ ነገር ግን ማሊያ በዓመቱ ያልቃል። ሌሎች ደግሞ «ሥራ የያዘ ሰው ጊዜ የለውም፤ የሚመጣውም ለስሙ ብሎ ነው» ይላሉ። ለስሙ የሚመጣ አይጠፋም ይሆናል። ቢሆንም መሐንዲሱን «ለምን እስከ ዛሬ ወደ ግቢው አልመጡም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ማን ጠራኝ?» ሲሉ መለሱልኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እነርሱ ረሱን ስንል እኛ ነን የረሳናቸው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ ነገር አቀርባለሁ። አንድ መዝገብ ይከፈት። በየስፖርቱ ተካፍለው የተመረቁት ሰዎች ስም፣ የተማሩት ትምህርትና ያሉበት ሥራ ይጻፍበት፤ በደብዳቤም ይጠሩ። አዲስ ስፖርተኛ ሲገባ በመጀመሪያው ወር ከአንዱ ጋር ይተዋወቅ፤ በወር አንድ ጊዜም ይገናኙ። ለሴቶች እኅቶቻችን ሴት ምሩቅ ትፈለግላቸው፤ ለወንድ የማይነገር ብዙ ነገር አለና። መካሪው የአሠልጣኙን ሥራ አይንካ፤ ነጥብም አይለምን። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ደብተርና ደብዳቤ የሚጽፍ እጅ ነው።

የሚጽፍ ከጠፋ እኔ እጽፋለሁ። የመሐንዲሱንም ስም በመዝገቡ ራስ ላይ እንዳሰፍር ፈቅደውልኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም ስመረቅ ያቺን ሰፊ ታኬታ ለሌላው አስረክባለሁ፤ ነገር ግን ከጫማው ጋር ስለ ጉልበቴ የማወራለት ነገር አለኝ።