«ስደተኛ ምን ልብስ ይመርጣል?» ለሚሉን ወገኖች



ባለፈው ስብሰባ በራኩባው ጥላ ሥር የተነሣው ክርክር ብዙዎቻችሁን እንዳላስተኛ እናውቃለን፤ እኛንም አላስተኛንም። የነገሩ መነሻ ሁለት የልብስ ስፌት መኪናዎች ናቸው። እናቶችና ወጣቶች ከእርዳታ የደረሳቸውን ሳልባጅ እየያዙ ወደ መኪናዎቹ ይመጣሉ፤ ሰፊውን ያጠባሉ፣ ረጅሙን ያሳጥራሉ፣ ከሁለት አሮጌ አንድ አዲስ ያወጣሉ። ይህን ያዩ ወገኖች ግን ሦስት ክስ አቀረቡ። አንደኛው፣ ዱራ በሚሰፈርበት አገር ስለ ቀለም መነጋገር «የደላው ሙቅ ያኝካል» ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ወጣቱ መሠረታዊ ችግሩን ትቶ ስለ ሱሪው ስፋት መጨነቁ «ራስ ሳይጠና ጉተና» ነው የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሴቶች ልጆቻችን በልብስ ከታዩ ውርደት ይመጣብናል የሚል ነው። በመጨረሻም መኪናዎቹ ተሸጠው ገንዘቡ ለሌላ ይዋል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እኛ የዚህች ጽሑፍ አዘጋጆች ሐሳቡን እንቃወማለን። ከሳሾቹ የምናከብራቸው አባቶችና ወንድሞች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ድንበር ስንሻገር ሕፃናት በትከሻቸው ተሸክመውልናል። ስለሆነም ስማቸውን አናነሣም፤ ክሳቸውን ግን አንድ በአንድ እናነሣለን።

በመጀመሪያ ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። በክፍላችን አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከቦንዳው ለቤተሰቧ ሲታደል ለእርሷ የደረሳት የሚያብለጨልጭ፣ ትከሻው የተገለጠ፣ አንድ ቦታ ለጭፈራ የተሰፋ ረጅም ቀሚስ ነበር። ሌላ አልነበራትም፤ ለብሳው መጣች። ልጆቹ ሳቁ። እኛም «ይህ የትምህርት ቤት ልብስ አይደለም» ብለን ወደ ቤቷ መለስናት። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ስለ መምህሩ ንጽሕናና አለባበስ ተምረናል፤ አንድ ቀሚስ ብቻ ያላትን ልጅ እንዴት እንደሚያስተናግዱ ግን ማንም አላስተማረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ልጅቷ አሥራ አንድ ቀን ቀረች። የተመለሰችው እናቷ ቀሚሱን በዚያ መኪና አስቆርጣ ጉርድ ካደረገችላትና በተረፈው ጨርቅ ሸሚዝ ላይ ኪስና አንገትጌ ካስቀጠለችላት በኋላ ነው። እንግዲህ ያ መኪና ቢሸጥ ኖሮ አንዲት ተማሪ አጥተን ነበር። ይህ የቅንጦት ጉዳይ ነውን?

ወደ መጀመሪያው ክስ እንምጣ። «ስደተኛ የተሰጠውን ይለብሳል እንጂ ምን ይመርጣል?» ይባላል። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ ተከዜን ተሻግረን ወደዚህ የመጣን፣ ከእኛም በኋላ በመተማ በኩል የተከተሉን፣ ስንት ነገር የመምረጥ መብት ቀርቶልናል? የምንሰፍርበትን ሰፈር አልመረጥንም። የምንበላውን እህል አልመረጥንም። ጎረቤታችንን አልመረጥንም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲጀመር የተጠለልንበት አገር ራሱ እንደኛ ተሰዳጅ ሆነ፤ እርሱንም አልመረጥንም። በካርድ ላይ ቁጥር ነን፤ በሠልፍ ላይ ተራ ነን። ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ሰማያዊውን ልልበስ» የሚል ሰው ግን ለዚያች ደቂቃ ቁጥር አይደለም። ያቺን ደቂቃ የሚንቅ ሰው ስደተኛውን ሆድ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። ሆድ ብቻ የሆነ ሕዝብ ደግሞ አገሩ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል?

«ከሰው አገር የመጣ አሮጌ ጨርቅ መልበስ የራስ መልክ ሊሆን አይችልም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉም አሉ። ምሳሌው እውነት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሠራም። ታሪካችንን እንመልከት። ጥንት የጎንደር ሸማኔ ለጥለት የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር ሲያጣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ ገዝቶ ይተረትረው ነበር። የተተረተረውን ክር በነጩ ሸማ ጠርዝ ላይ ይጥለዋል፤ እኛም ዛሬ «የአባቶቻችን ጥበብ» እንለዋለን። አቡጀዴስ የት ተሠራ? መጀመሪያ በብዛት ከአሜሪካ ይመጣ ነበር፤ ኋላም የጃፓኑ ገበያውን ያዘ። ነገር ግን ገበሬው ከአቡጀዴ እጀ ጠባብና ሱሪ አሰፍቶ በላዩ ጋቢ ደርቦበት ሲወጣ ማንም «አሜሪካዊ መሰለ» አላለውም። ጨርቅ የሰው የሚሆነው ሰው እጁን ሲያሳርፍበት ነው። ሴቶቻችን ዛሬ በራኩባው ሥር ቦንዳውን ሲተረትሩ ያንኑ የጎንደሩን ሸማኔ ሥራ እየሠሩ ነው።

የእጅ ሥራ ከተነሣ ዘንድ አንድ የቆየ በሽታችንንም እንናገረው። ሸማውን እየለበስን ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን የሰደብን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን እንዳይሰድቡ አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ነገሩ ከፍቶ ነበር፤ ከአዋጁም በኋላ ስድቡ አልቀረም። ይህችው ኡም ራኩባ በ1976ና በ1977 ዓ.ም. ማንን አስጠልላ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከጎንደርና ከትግራይ በእግር የመጡ ቤተ እስራኤላውያን እዚህ ነበሩ፤ በአገራቸው ሸማኔ፣ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ሆነው ሲያለብሱንና ሲያበሉን «ቡዳ» ስንላቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ወደሚመኙት አገር ሳይደርሱ በዚህ ምድር ተቀብረዋል። በዚህ አፈር ላይ ቆመን መርፌ የያዘን ሰው መናቅ እንዴት ይቻለናል?

ሁለተኛው ክስ ወጣቱን ይመለከታል፤ ከፊሉን እንቀበለዋለን። የቤተሰቡን ዱራ ሸጦ ከገዳሪፍ ገበያ ጂንስ የሚገዛ ወጣት አለ፤ እናቱ ባዶ ድስት ጥዳ የእርሱን ጫማ ስም ታነባለች። ይህን አንደግፍም። ነገር ግን የወጣቱ ስሕተት ስለ ልብስ ማሰቡ ሳይሆን አለማሰቡ ነው። የሌላውን ሰው መልክ ሙሉ በሙሉ በገንዘብ ሊገዛ ይሞክራል። የራሱን መልክ ለማግኘት ግን የሚያስፈልገው ዓይንና እጅ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ሥራችን ማስተማር ነውና በሒሳብ እናስረዳ። 3 ሸሚዝና 2 ሱሪ ያለው ሰው ቀለማቸው ከተስማማ 6 ዓይነት ልብስ አለው። 2 ፎጣ ወይም ሻሽ ቢጨምር 12 ይሆናል። ቀለማቸው ካልተስማማ ግን ያው ሦስቱን ሸሚዝ ይዞ «የምለብሰው የለኝም» እያለ ይኖራል።

ቀለም ማስማማትን ከማን እንማር? ከጥለታችን። ሸማ ሰፊ ነጭ መደብ አለው፤ ቀለሙ በጠርዝ ላይ ብቻ ይመጣል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀለም በላይም እምብዛም አይበዛም፤ ከእነዚያም አንዱ ይገንናል፣ ሌሎቹ ያጅቡታል። ይህ ሕግ ለነጠላ ብቻ አይደለም። አመድማ ሱሪና ነጣ ያለ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አንዲት ቀይ ወይም አረንጓዴ ነገር ቢጨምር መልክ አለው፤ ቀይ በአረንጓዴ በቢጫ ላይ የደራረበ ግን የበዓል ድንኳን ይመስላል። እናቶቻችን ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያውቁታል። ነጠላን በደስታ ቀን እንዴት እንደሚጣል፣ በቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚጣፋ፣ በለቅሶ ጥለቱ ወዴት እንደሚዞር ከሩቅ አይተው ማን ሐዘን ላይ እንዳለ ይለያሉ። ልብስ ለእኛ ቋንቋ ነበር። ቋንቋውን ያወቀ ሕዝብ አሁን «ልብስ መሸፈኛ ብቻ ነው» ሊባል አይገባውም።

ስለ ጨርቁም ዓይነት እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከውበት ወደ ጤና ያልፋልና። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ናይለንና ፖሊስተር የለበሰ ልጅ ላቡ አይመጠጥለትም፤ ቆዳው ይቆጣል። ከዚህ የከፋው እሳት ነው። ጎጆዎቻችን የሣር ናቸው፤ ምድጃው በደጃፍ ነው፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ እሳት ሲነካው ይቀልጥና ከሥጋ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ከቦንዳው ውስጥ ከመምረጣችሁ በፊት ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና ከቤት ራቅ ብላችሁ አቃጥሉ። እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ እንደ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። ጥጡን ለሕፃናትና ምድጃ ላይ ለሚውሉ እናቶች ስጡ። ፖሊስተሩን ቦርሳና ከረጢት አድርጉት። ነጭ በፀሐይ ያበርዳል፤ በክረምት ግን ይህ ዋልካ ጭቃ አይምረውም፤ ያን ጊዜ ቡናማና የአፈር መልክ ያለው ይሻላል። የገረጣውን ነጭ በሰንት ፍሬ ወይም በሻይ ቀቅለው ቡናማ ያወጡ እናቶች አሉ። እርድ ያምራል፤ ፀሐይ ግን ቶሎ ያፈዘዋል። ከርከዴውን ጠጡት፤ ለልብስ ግን አይሆንም፣ ይለቃል።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ ይከብዳል፤ «ሴቶች ልጆቻችን ይታያሉ» የሚለው ነው። የተማርን ነን የምንል ወንዶችም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለንም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎቹ ሕዝቡ ተራቁቶ ሳለ የባዕድ ፋሽን ማሳየት ስድብ ነው ብለው ተቃወሙ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። እጃቸው ግን ምን አደረገ? ስድቡና የእንቁላል ውርወራው ያረፈው ወደ ትርዒቱ በመጡት እንግዶችና በሴቶቹ ላይ ነው። የባዕዱን ፋሽን ያስመጣው ባለ ገንዘብ እንቁላል አልነካውም። ዛሬም መንገዱ ያው ነው፤ ስለ ድህነት የተነሣ ቁጣ በመጨረሻ በአንዲት ልጅ ቀሚስ ላይ ያርፋል።

በተጠለልንበት አገር የሆነውንም እንይ። በ2001 ዓ.ም. ክረምት ጋዜጠኛዋ ሉብና አል ሑሴን ሱሪ በመልበሷ በካርቱም ተያዘች። ሕጉ 40 ግርፋት ይፈቅድ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ 500 የሱዳን ፓውንድ ቀጣት። አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች፤ በማግስቱ የጋዜጠኞች ማኅበር ከፍሎላት ወጣች። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ደግሞ አላ ሳላሕ የተባለች ተማሪ ነጭ ቶብ ለብሳ በመኪና ጣሪያ ላይ ቆማ ለሕዝቡ ስትናገር ዓለም አያት። ያ ነጭ ቶብ የመምህራቱና የሠራተኞቹ ሴቶች ልብስ ነበር፤ ስለዚህ ሳትናገር ገና ሕዝቡ ማን እንደሆነች ገባው። ሴቶችን በልብሳቸው ያስይዝ የነበረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተሻረ። እንግዲህ ሱዳናውያት እኅቶቻችን በዋጋ ያስጣሉትን አለንጋ እኛ ስደተኞቹ ልናነሣው ነውን?

«እንደ አገሩ ይኖሩ» የሚለውን አንረሳም። የአካባቢውን ሰው ባህል እናከብራለን፤ በዶካም ሆነ በገዳሪፍ ገበያ ስንወጣ ልከኛ ሆነን እንወጣለን። ነገር ግን ልከኝነትን ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትመካከርበት እንጂ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚያፏጭ ጎልማሳ ዳኛ አይሁንባት። ውርደት የሚመጣው ከሚያፏጨው ነው፤ እርሱን ስብሰባ ጠርታችሁ ገሥጹት።

ስለሆነም በሚቀጥለው ስብሰባ አራት ነገር እንጠይቃለን። መኪናዎቹ አይሸጡ። ልብስ ሲታደል በጭፍን መወርወሩ ቀርቶ ቦንዳው በሸራ ላይ ይዘርጋና ሰው በተራው ይምረጥ፤ አስቀድመውም አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶች ይምረጡ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን መርፌና ክር ይማሩ፤ ወንዶቹም ጭምር። አራተኛው በእኛ በመምህራን ላይ ነው፤ ከእንግዲህ በልብሱ ምክንያት ማንንም ልጅ ከክፍል አንመልስም። ያቺን ልጅና እናቷንም እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅናቸውም፤ ይህች ጽሑፍ ከመዞሯ በፊት ቤታቸው ሄደን እንጠይቃለን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ትግርኛ ተናጋሪው፣ አማርኛ ተናጋሪው፣ ቅማንቱም ወልቃይቴውም በዚህ ሜዳ በአንድ ድር ላይ ተጥለናል። የተሸነፍን ሕዝብ እንመስላለን ወይስ ለመመለስ የተዘጋጀን? አላፊ አግዳሚው ይህን የሚያነበው ከለበስነው ነው። በስብሰባው ቀን ታጥባችሁ፣ አስማምታችሁ፣ ያላችሁን ለብሳችሁ ኑ፤ እጃችሁንም አውጡ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉ።